የዚንክ አመድ ውስጥ ወርቅና ጀርማኒየም አለ እየተባለ ነው፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረን (ባሕር ዳር)

የዳሞት ልጅ ጻፈ፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ባሕር ዳር ዳር ላይ ያለ አንድ ወርክሾፕ የመብራት ምሰሶና የማማ ብረት በቀለጠ ዚንክ ይነክራል። ከገንዳው ላይ የሚገፈፈውን አመድ በጆንያ እያሰሩ ከግቢው ጥግ ከምረውታል። ከሥር የሚጠለቀው ዝቃጭ ደግሞ ረግቶ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ለብቻው ተደርድሯል። ቦታ ስለጠበባቸው ለሚያነሣላቸው ሰው በርካሽ ለመልቀቅ ፈቅደዋል። እኔና ጓደኞቼ ኬሚካል ምህንድስና ተምረን ሥራ የፈታን ስለሆንን ልንገዛው አሰብን።

ነገሩን ያጋጋለው አንድ ደላላ ነው። ከአዲስ አበባ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ይዞ መጣና አመዱ ላይ ተኮሰበት። ስክሪኑ ዚንክ በብዛት፣ እርሳስ በጥቂቱ አሳየ፤ ከዚያ «ወርቅ» እና «ጀርማኒየም» (ኤሌክትሮኒክስ ላይ የሚውል ውድ ንጥረ ነገር) የሚል ወጣ! አሁን ደላላው በሽርክና እንግባ ይላል፤ ገንዘቡን ግን እኛ ነን የምናወጣው። ኢንዲየምም አለበት ይለናል፤ የስልክ ስክሪን የሚሠራበት ነው እያለ።

ከዚንክ ቅሪት ውድ ብረቶች እንደሚወጡ ጽሑፍ ላይ አንብበናል፤ ውሸት አይደለም። ጥያቄያችን የእኛው አመድ ከዚያ ወገን ነው ወይ? ካልሆነስ ምን ይሠራበታል?

ቆራሌው ከማርቆስ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ወርቅ ቢኖርበት ደላላው ለአንተ ይነግርሃል? ጆንያውን በሌሊት ጭኖ ይሄድ ነበር እንጂ።

እኔ አሮጌ ብረት፣ መዳብና ናስ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ከሥር የሚወጣው ጠንካራው ነገር ዋጋ አለው፤ የሚገዛ አለ። ላይ ላዩን የሚገፈፈው አመድ ግን የሚያቃጥል ሽታ አለው፣ ዝናብ ሲነካው ጆንያውን ይበላል፣ ማንም አይፈልገውም። ሁለቱን አንድ ላይ አትመዝኑ።

እሳትና አሲድ ጻፈ፦

የብረታ ብረት ምህንድስና ተምሬ ውጭ አገር ዚንክ ማቅለጫ ውስጥ ሠርቻለሁ። መልሱ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

መነሻው የእናንተ ጆንያ አይደለም፤ ዚንኩ የወጣበት ማዕድን ነው። ዚንክ በአብዛኛው የሚገኘው ስፋለራይት ከሚባል የዚንክና የድኝ ማዕድን ነው። ካድሚየም፣ ኢንዲየም፣ ጀርማኒየምና ጋሊየም ለራሳቸው ብቻ የሚቆፈር ጉድጓድ እምብዛም የላቸውም፤ ስፋለራይት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ተሸሽገው ይመጣሉ። ኢንዲየም ራሱ የታወቀው በ1863 ፍራይበርግ፣ ጀርመን፣ የዚንክ ማዕድን ሲመረመር ነው።

ማቅለጫው ማዕድኑን 900 እስከ 950 ዲግሪ ላይ ይጠብሰዋል። ድኙ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራበታል፤ ዚንኩ ኦክሳይድ ይሆናል። ማዕድኑ ግን ብረትም ስላለበት ከፊሉ ዚንክ ከብረቱ ጋር ተቆራኝቶ ዚንክ ፌራይት ይሆናል፤ እሱን ቀጭን አሲድ አይፈታውም። ስለዚህ ኦክሳይዱ በአሲድ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ጠላ ተጠምቆ አተላው እንደሚቀር፣ ከታች የሚቀር ነገር አለ፦ ወደ 20 በመቶ ዚንክ፣ ብዙ ብረት፣ እርሳስ፣ ብር፣ ከዚያም ኢንዲየሙና ጀርማኒየሙ። ያነበባችሁት ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ቅሪት ነው።

እሱን ለመፍታት አንዱ መንገድ እሳት ነው። ቅሪቱ ከከሰል ጋር ተደባልቆ ዌልዝ የሚባል ረጅም ተሽከርካሪ ምድጃ ውስጥ 1100 እስከ 1200 ዲግሪ ይገባል፤ ዚንኩና እርሳሱ በኖ፣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንደገና ኦክሳይድ ሆኖ በከረጢት ማጣሪያ ይያዛል። ሌላው መንገድ አሲድ ነው። ከ90 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጠንካራ አሲድ ፌራይቱ ይሟሟል፤ እርሳስና ብር ሳይሟሙ ይቀራሉ፤ እነሱ ለእርሳስ ማቅለጫ ይሸጣሉ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሟሟውን ብረት ሁሉ ከውሃው ማውጣት ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ ብረቱን ጃሮሳይት የሚባል ዝቃጭ አድርጎ የማውጣት ዘዴ ሲመጣ በቀላሉ መጣራት ቻለ፤ ዚንክ የማውጣት መጠንም ከፍ አለ። ግን ጃሮሳይቱ ራሱ መርዛም ክምር ሆነ። የአውስትራሊያው ሆባርት ማቅለጫ እስከ 1997 ድረስ በመርከብ ወስዶ ባሕር ላይ ይደፋው ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የዚንኩ ፈሳሽ ወደ ኤሌክትሪክ ገንዳ ከመግባቱ በፊት በዚንክ ዱቄት ይጣራል፤ መዳብ፣ ካድሚየም፣ ኮባልት፣ ኒኬል ይወጣሉ። ጀርማኒየም በተለይ ከተረፈ ጉድ ነው፤ ካቶዱ (ዚንኩ የሚለጠፍበት ሳህን) ላይ ሃይድሮጅን ያስነሣል፣ የተለጠፈው ዚንክ ተመልሶ ይሟሟል። ስለዚህ ማቅለጫው እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ያባርረዋል። የሚወጣው ጥሩ ደረጃ ዚንክ ንጽሕናው 99.995 በመቶ ነው። የእናንተ ወርክሾፕ የገዛው ይህን ነው። ጀርማኒየሙ ከባሕር ዳር በፊት ገና ማቅለጫው ላይ ቀርቷል። ከተገዛው የዚንክ ጡብ ውስጥ የሌለ ነገር ከአመዱ ከየት ይመጣል?

የዳሞት ልጅ ጻፈ፦

ገባኝ። ታዲያ መሣሪያው ወርቅ ያለው ከምን ተነሥቶ ነው? እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

እሳትና አሲድ ጻፈ፦

መሣሪያው አልዋሸም፤ ያነበበው ሰው ነው ያላወቀው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ኤክስሬይ ሲመታው የራሱን ጨረር ይመልሳል። የዚንክ ሁለተኛው መስመር 9.57 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ነው፤ የወርቅ አንዱ 9.71፣ የጀርማኒየም 9.89። ጎረቤቶች ናቸው። ናሙናው ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ዚንክ ሲሆን የዚንኩ ጉልበት ጎረቤቶቹ ላይ ይፈስና መሣሪያው ትንሽ ወርቅ፣ ትንሽ ጀርማኒየም ብሎ ይጽፋል። በተለይ ለአፈር ወይም ለቅይጥ ብረት የተዘጋጀ ቅንብር ላይ ከተተኮሰ። ደላላው ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፤ ግን ገንዘቡን እናንተ አውጡ ማለቱ ይነግራችኋል።

ናሙና ሟሙቶ ላቦራቶሪ ይታይ። አዲስ አበባ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ብረትና ክሎራይድ አስመርምሩ። ለወርቅ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጊዮን ማዶ ጻፈ፦

እንዲህ እየተባለ ነው ይህ አገር ወደኋላ የቀረው። «አይሆንም፣ የለም፣ አይቻልም»። ኮንጎዎች ሉቡምባሺ ውስጥ ያለውን ትልቁን የጥቀርሻ ተራራ እያቀለጡ ጀርማኒየም ወደ ቤልጂየም መላክ ጀምረው የለም እንዴ? ቻይና በ2023 ጀርማኒየምና ጋሊየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ስታደርግ ዓለም ተንጫጫ። እኛ በእጃችን ያለውን አመድ እንጥላለን። አሁን ደግሞ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለን። ዚንክ በኤሌክትሪክ ነው የሚወጣው አላችሁ፤ መብራት አለን!

እሳትና አሲድ ጻፈ፦

ወዳጄ ጊዮን ማዶ፣ ስለ ሉቡምባሺ ያልከው ልክ ነው፤ ለዚያም ነው ምሳሌው ለእኔ የሚያግዘው። ያ ተራራ ከማዕድን ማቅለጫ የወጣ ጥቀርሻ ነው፤ ማዕድኑ ውስጥ የነበረው ኮባልት፣ መዳብ፣ ዚንክና ጀርማኒየም አብሮት ተደፍቷል። እዚህ ያለው ከተጣራ ዚንክ የወጣ አመድ ነው። ሁለቱም «የዚንክ ቅሪት» ይባላሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለ መብራቱ፦ አንድ ቶን ዚንክ በኤሌክትሪክ ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኃይሉ ቢኖርም እንኳ የነከራ አመድ ክሎራይድ አለበት፤ ብረቱ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት የሚቀባው ፍለክስ ዚንክ አሞኒየም ክሎራይድ ስለሆነ ነው። ክሎራይድ ያለው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ገንዳ ውስጥ ቢገባ ክሎሪን ጋዝ ያስነሣል፣ የአሉሚኒየም ካቶዱንም ይበላዋል። በጥቂት ጆንያ ይህን ማቋቋም ኪሳራ ነው። አገራችን ውስጥ አንድ ቀን የዚንክ ማዕድን ማቅለጫ ከተተከለ ስለ ኢንዲየም ያኔ እንነጋገር፤ እኔም በደስታ እመለሳለሁ።

ደግሞ ምሳሌ ካስፈለገ የዛምቢያዋን ካብዌ አትርሳ። የእርሳስና የዚንክ ማዕድኑ በ1994 ተዘጋ፤ ክምሩ ግን እዚያው ቀረ፤ በአቧራው ምክንያት የልጆች ደም ውስጥ እርሳስ እስከ ዛሬ ይገኛል።

ኬሚስቷ ጻፈ፦

የወርቁን ወሬ ትተን የሚሠራውን እናውራ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ።

የዳሞት ልጅ፣ በመጀመሪያ አሲድ አትንኩ። አመዱ ውስጥ ኦክሳይድ ብቻ ሳይሆን ያልተቃጠለ የዚንክ ጠብታ አለ። አመዱን በኳስ ወፍጮ ፍጩና በወንፊት ንፉት። ኦክሳይዱ ስለሚሰባበር ይወርዳል፤ ያልተቃጠለው ዚንክ ስለሚለጠጥ ተጠፍጥፎ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። የቀረውን ዚንክ ያው ወርክሾፕ መልሶ ገንዳው ውስጥ ሊያቀልጠው ይችላል፤ መጀመሪያ ለእነሱ አቅርቡላቸው። ያለ አንዳች ኬሚካል የሚገኝ ገንዘብ ይህ ነው። የአፍንጫ መሸፈኛው ግን ጨርቅ እንዳይሆን፤ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን።

የወረደው ዱቄት በውሃ ይታጠብ፣ ክሎራይዱ እንዲወጣ። ካልታጠበ አሲድ ሲነካው የጨው አሲድ ጭስ ያነሣል።

ከዚያ ነው ሰልፈሪክ አሲድ። አሲዱን አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርታል፤ ከውጭ ካልመጣ አትበሉ። ለአንድ ኪሎ ዚንክ ኦክሳይድ 1.2 ኪሎ ንጹሕ አሲድ ይበቃል፤ ወደ 3.5 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት ይወጣል (ሰባት ውሃ ያለው ዓይነት፣ 22 በመቶ ገደማ ዚንክ)። እርሳሱ ሰልፌት ሆኖ ስለማይሟሟ ከታች ይቀራል፤ በማጣሪያ ይለያል። ብረቱን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አክስዱና ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ወደ 4 እና 5 አካባቢ ከፍ አድርጉት፤ ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል። ካድሚየም ካለ አብሮ ሟሙቷል፤ እሱን የዚንክ ዱቄት ጨምሮ ማውጣት ነው፤ ማቅለጫዎቹ የሚያደርጉትን በትንሹ ማለት ነው። ከዚያ ማትነን፣ ማቀዝቀዝ፣ ማጣራት።

የአደጋውን ነገር ልብ በሉ። ከወንፊት ያመለጠው ያልተቃጠለ ዚንክ አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ በተዘጋ ክፍል ሲጋራ ቢለኮስ ይፈነዳል። የባሰው ደግሞ አርሰኒክ ካለበት ነው፤ አርሲን የሚባል ጋዝ ይሆንና ሰው ይገድላል፤ ሽታው ሳይሰማ ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪው አርሰኒክንም ይመርምር። ሥራው በክፍት ቦታ፣ አሲዱም ሁልጊዜ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይደለም። ይህን ሁላችሁም ተምራችኋል፤ ግን ሥራ ቦታ ላይ የሚረሳው እሱ ነው።

የዳሞት ልጅ ጻፈ፦

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ዚንክ ሰልፌቱን ማን ይገዛናል? ለማዳበሪያ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ። የጎጃም መሬት ዚንክ ያንሰዋል ይባላል።

ዋልካ መሬት ጻፈ፦

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ከደጀን እስከ ቢቸና ያለውን ዋልካ አውቀዋለሁ። «የጎጃም መሬት» ብሎ ነገር የለም፤ ይለያያል።

ወደ ዳሞት፣ አቸፈርና ባንጃ በኩል ያለው ቀይ አፈር አሲዳም ነው። አሲዳም አፈር ላይ ዚንክ ከነጭራሹ ካልጠፋ በስተቀር ለሥሩ በቀላሉ ይገኛል። እዚያ መጀመሪያ የሚፈለገው ኖራ ነው። ግን ይህ ነገር ይገለበጣል፤ ኖራ ተጨምሮ ፒኤቹ ሲያድግ ዚንኩ አፈር ላይ ይጣበቅና ሰብሉ ያጣዋል። ኖራ የበተነ ገበሬ ዚንክ ሊፈልግ የሚችለው ያኔ ነው። በምሥራቁ ዋልካ ላይ ደግሞ አፈሩ ወደ ገለልተኛነት የሚጠጋ ስለሆነ ጤፉና ስንዴው ቅጠሉ መሐል ላይ ሲገረጣ የምናየው ዚንክ በማነሱ ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስ ሲበዛም ዚንክን ያስቸግራል።

ከዳፕና ዩሪያ ወደ ቅይጥ ማዳበሪያ ስንሸጋገር ዚንክና ቦሮን ያለበት ዓይነት መጥቷል፤ ባሕር ዳር ያለው መርከብ ዩኒየንም ማዳበሪያ ማደባለቂያ አለው። ስለዚህ ገበያ የለም አልልም። ልማዱ በሌላ አገር በሄክታር 25 ኪሎ ያህል ሰልፌት ነው፤ ወይም 0.5 በመቶ በውሃ በጥብጦ ቅጠል ላይ መርጨት። ስንት እንደሚበቃ ግን ለእኛ አፈር አዴት ምርምር ማዕከል ይጠየቅ እንጂ ከኢንተርኔት አይወሰድ።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። ካድሚየም አንዴ ማሳ ከገባ አይወጣም። ጃፓን ቶያማ ውስጥ ከካሚዮካ ማዕድን በጂንዙ ወንዝ የወረደ ካድሚየም የሩዝ ማሳ ገብቶ ሴቶች አጥንታቸው እስኪሰበር ድረስ ተሠቃይተዋል፤ መንግሥት በሽታውን በ1968 አመነ። ያም የዚንክ ማዕድን ነበር። «ቆሻሻ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለገበሬ ስጠው» የሚል ንግድ አልወድም። ገበሬው ላቦራቶሪ የለውም።

ኬሚስቷ ጻፈ፦

ዋልካ መሬት ያለው ትክክል ነው፤ ቁጥር ልጨምርበት። አሜሪካኖች በ1990ዎቹ የፋብሪካ ቅሪት በማዳበሪያ ስም ሲሸጥ ስለነበር ተጨቃጭቀው በ2002 ደንብ አወጡ። ከቅሪት ለሚሠራ የዚንክ ማዳበሪያ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ዚንክ በኪሎ እርሳስ ከ2.8 ሚሊ ግራም፣ ካድሚየም ከ1.4፣ አርሰኒክ ከ0.3 አይበልጥም። 22 በመቶ ዚንክ ላለው ለእናንተ ሰልፌት ስታሰላው እርሳስ 61.6፣ ካድሚየም 30.8 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሆናል። የእኛን አገር መስፈርት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ይህ ግን ለራሳችሁ መለኪያ ይሁን። ከዚህ በላይ ከወጣ አትሽጡ።

የምሥራቹ፣ ዚንኩ 99.995 ከሆነ ካድሚየሙ ከመጀመሪያውም ኢምንት ነው። እርሳሱን ግን ጠይቁ፤ አንዳንድ ነካሪዎች አውቀው ገንዳው ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ያህል እርሳስ ይጨምራሉ፣ ትርፉ ዚንክ ከብረቱ ላይ በደንብ እንዲንጠባጠብ። ወርክሾፑ የሚገዛውን ዚንክ የምስክር ወረቀት አሳዩን በሉ።

ቆራሌው ከማርቆስ ጻፈ፦

አመዱን አወራችሁ አወራችሁ፣ ጠንካራውን ረሳችሁት። ለእኔ ገንዘቡ እሱ ጋ ነው።

እሳትና አሲድ ጻፈ፦

አያ ቆራሌ ልክ ናቸው። ከገንዳው ሥር የሚወጣው ዝቃጭ ዚንክ ከብረት ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፤ ዚንኩ 94፣ 96 በመቶ ይደርሳል። አሲድ ውስጥ መክተት ብክነት ነው። ዓለም ላይ የሚያደርጉት ከ907 ዲግሪ በላይ አሙቀው ዚንኩን ማትነንና በአየር ማቃጠል ነው፤ ነጭ ዚንክ ኦክሳይድ ይወጣል፤ ለጎማ፣ ለቀለም፣ ለቅባት ይሆናል። ብረቱ ከታች ይቀራል። እናንተ ምድጃውን አትሥሩ፤ ዝቃጩን ሽጡ።

ውጭ አገር እንልካለን ካላችሁ ኢትዮጵያ የባዝል ስምምነት (አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲላክ የሚቆጣጠረው) አባል ናት። ከ92 በመቶ በላይ ዚንክ ያለው የገንዳ ዝቃጭ ቀለል ባለው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እርሳስና ካድሚየም የበዛበት አመድ ግን አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ የተቀባይ አገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። «ማዕድን ነው» ብሎ ለሚያስጭናችሁ ደላላ ስማችሁን አታውሱ።

ጊዮን ማዶ ጻፈ፦

እሺ፣ ጀርማኒየሙን ተውኩት። ግን አንድ ነገር፦ የአርማታ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች አሮጌ ቆርቆሮ ሲያቀልጡ የሚወጣው አቧራስ? እሱ ዚንክ አለበት ይባላል።

እሳትና አሲድ ጻፈ፦

አለበት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ብረቱ ሳይቀልጥ ይበናል፣ ማጣሪያው ላይ ይያዛል። ዓለም ላይ ዌልዝ ምድጃዎች አሁን በአብዛኛው የሚመገቡት ይህን አቧራ ነው። ግን ብዛት ይፈልጋል፤ ፋብሪካዎቹም ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ናቸው። ለብቻው ክር ክፈትበት፤ እዚህ አንጨርሰውም።

የዳሞት ልጅ ጻፈ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረን ደላላውን አሰናብተናል፤ ስልኬን ግን እስካሁን አላሳረፈውም። መጀመሪያ ከተለያየ ጆንያ ናሙና ወስደን ወንፊት ላይ እንሞክራለን፤ ዱቄቱንና ወንፊት ላይ የቀረውን ለየብቻ እናስመረምራለን። ዝቃጩን አያ ቆራሌ መጥተው ያዩልን።

አንድ የቀረኝ፦ አመዱ የታጠበበት ክሎራይድ ያለው ውሃ የት ይሄዳል? ግቢው ጀርባ ቦይ አለ፤ ወደ ዓባይ የሚወርድ።

ዋልካ መሬት ጻፈ፦

ወደዚያ ቦይ አንዲት ጣሳ እንዳትደፉ! የዚንክ ክሎራይድ ዓሣ ይፈጃል።

ኬሚስቷ ጻፈ፦

በጥቂት ውሃ እያጠባችሁ ያንኑ ውሃ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት። ሲጠግብ በኖራ ውሃ ፒኤቹን ወደ 9 አድርሱት፤ ዚንኩ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አጣርታችሁ ከዱቄቱ ጋር መልሱት። የቀረው ጨዋማ ውሃ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ገንዳ በፀሐይ ይትነን፤ በጋ ላይ ጀምሩ፣ ክረምት ሲገባ ገንዳው ይሞላባችኋል። አሞኒያ ስለሚሸት ከቤት ራቅ አድርጉት።

ቆራሌው ከማርቆስ ጻፈ፦

ከሰንበት በኋላ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ሚዛን የራሴን ነው የማመጣው፤ ዝቃጩ ላይ አመድ የተጣበቀ ካለ አራግፉልኝ፣ አመድ በዝቃጭ ዋጋ አልገዛም።

የዳሞት ልጅ ጻፈ፦

እሺ አያ፣ ተራግፎ ይጠብቅዎታል። ሚዛኑን ግን ከእኛም ሚዛን ጋር እናመሳክራለን።

ቆራሌው ከማርቆስ ጻፈ፦

ነግዳችሁ ሳትጀምሩ ነጋዴ ሆናችሁ። ይሁን።